የተደፈነው ጉድጓድ

«ጉድጓድ! ወደ ግራ ያዢው!» አለ አባቷ ከኋላ።

ፌንጣ የብስክሌቷን መሪ ወደ ግራ ጠመዘዘች። መታዘዝ ለምዶባት ነው እንጂ ከፊቷ ጉድጓድ አልነበረም። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ የኖረው ጉድጓድ ባለፈው ረቡዕ ተደፍኗል። አዲሱ አስፋልት ጥቁር ነው፤ አሮጌ ሱሪ ላይ እንደተጣፈ አዲስ ጨርቅ ከሩቅ ያስታውቃል።

«አየሽ? እኔ ባልኖር አፍንጫሽን ሰብረሽ ነበር» አለ አባቷ ኮራ ብሎ።

በቀጫጭን እግሮቿ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ የሚላት የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ፔዳሉን መምታቷን ቀጠለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሯት የከረመው ጥርጣሬ ግን እንደገና ተነሳባት።

ብስክሌቷን የሠራት አባቷ ራሱ ነው። ሁለት አሮጌ ብስክሌቶችን ቆርጦ፣ ጓደኛው ብየዳ ቤት ወስዶ አንድ አደረጋቸው፦ ሁለት መቀመጫ፣ አራት ፔዳል፣ አንድ መሪ። እሁድ ጠዋት በወጡ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች «ባቡሩ መጣ! ትኬት አልቋል ወይ?» እያሉ ይከተሏቸዋል። መሪውም ፍሬኑም ያለው ከፊት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሥራው ፔዳል መምታትና ከፊት ያለውን ማመን ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ከኋላ የተቀመጠችው ፌንጣ ነበረች። የአባቷን ጀርባ ከፊቱ አብልጣ ታውቀዋለች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን አባቷ ብድግ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ከፊት አንቺ ነሽ» አላት።

«ለምን?»

«ወገቤን አሞኛል። መሪ ላይ ማጎንበስ አቃተኝ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ያንን የታመመ ወገቡን ይዞ፣ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አየችው። ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል «ተይው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብላ ሳቀች።

ፌንጣን ግን አላሳቃትም። አንድ የሚደብቀው ነገር አለ። እንደ መርማሪ ትከታተለው ጀመር። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያነብ ያዘችው። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ አስገብቶ ሲጠብቅ አየችው። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤት በራፍ ላይ ከተዘረጋ ገመድ ጋር ሲላተም፣ ጠጥቶ ይሆን ብላ በሰላምታ ሰበብ ትንፋሹን አሸተተች። ሻይ ሻይ ነው የሚለው።

ይባስ ብሎ በነጋታው፣ እሱ በሚነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ «ነይ ከጎኔ ተቀመጪ» አላት። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደርሱ እንደ ቀልድ «መብራቱ አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ ጠየቃት።

«አንተ አታየውም እንዴ?»

«ነቅተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው እንጂ!»

ከኋላቸው አርባ ሕፃናት እየተንጫጩ ይዘፍኑ ነበር።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስታስበው እጇ ሳይታወቃት ፍሬኑን ጨመቀ። ብስክሌቷ ቆመች።

«ምነው?» አለ አባቷ።

«ጉድጓዱን አይተኸዋል?»

«አየሁታ! በትከሻሽ ላይ አሻግሬ።»

«ትልቅ ነው?»

«ጎማ ይውጣል። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በጠዋቱ?»

«አባዬ፣ ጉድጓድ የለም። ረቡዕ ደፍነውታል።»

ሳል የሌለበት ሰው ሳል ሳል አደረገው።

«እና ረስቼ ነዋ።»

«ሐሙስና አርብ አውቶቡሱን እዚህ ጋ ወደ ግራ አውጥተኸዋል። ከፊት መኪና እየመጣ ጥሩምባ ነፋብህ። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖበት ነው ብዬ...» ወደ ኋላ ዞረች። «አታይም አይደል?»

አባቷ እግሮቹን መሬት ላይ አሳረፈ።

«የዓይን ሞራ ነው አለኝ ሐኪሙ። ትምህርት ሲዘጋ ኦፕሬሽን ያደርጉልኛል። ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረው። መንገዱን እንደሆነ በልቤ ነው የማውቀው።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«እንዳትነግሪያት፣ በሞቴ! የአውቶቡሶቹ ስምሪት ኃላፊ ከሰማ ያኔውኑ ነው ቁልፉን የሚቀበለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼ፣ ዛሬ አይታመንም ልባል? ስሚኝ የኔ እናት፤ አንቺ ከጎኔ ከሆንሽ ምንም አይፈጠርም። አንቺ እያየሽ፣ እኔ እየነዳሁ። ልክ እንደዚህችው» አለና የብስክሌቷን ብረት መታ መታ አደረገ።

ለአፍታ ያህል እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። ምስጢር የሚያካፍላት እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሯት ነው። ሁለት ወር ምን አላት? ከዚያ ግን ነገ ጠዋት ታያት፤ ቦርሳቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ልጆች አውቶቡሱን ሲያዩ ከየበሩ እየሮጡ ሲወጡ።

«አባዬ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ። ልጆች ግን ባሉበት አይቆሙም።»

ፌንጣ ፔዳሉን ረገጠች፤ እሱም ተከተላት። መስቀለኛው መንገድ ጋ ደረሱ። እዚያ ስትደርስ እንደገና ቆመች።

«ወደ ግራ ቤታችን ነው» አለች። «ወደ ቀኝ የስምሪት ኃላፊው ቤት። አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?»

አንድ ታክሲ አለፈ። ሌላም አለፈ።

«ሸሚዜ ንጹሕ ነው?» አላት በመጨረሻ።

ዞር ብላ አየችው።

«እንቁላል ነክቶታል።»

«የቱ ጋ?»

እጁን ይዛ ከሦስተኛው ቁልፍ በታች አሳረፈችለት። በጥፍሩ ፈቀፈቀው።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ይቅር በቃ» አለ። «ንጂ።»

መሪውን ወደ ቀኝ አዞረችው።