ማንም የማያነባቸው አሥራ አራት መልሶች

ዕንባቆም የሞተው በሩ ሥር ነው። ጄኔሬተሩ ባለባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ እንደ ተንበረከከ ቀርቷል። ክፍሏ መስኮት የላትም። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቧንቧ ከቀዳዳው ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ሸዋአየሁ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። የሁለቱም እጆቹ ጎን አብጧል፤ ከጥፍሮቹ ሥር የበሩ አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ከዚያ ወጥታ በሩን ከውጭ በኩል አየችው። መቀርቀሪያው በአንድ ጣት የሚንሸራተት ነው።

«ሲገኝ በሩ ክፍት ነበር አልከኝ?»

«ገርበብ ብሎ ነበር» አለ ሳጅን በላቸው።

«ክፍት በር የሚደበድብ ሰው የለም። ዘግተውበታል፤ ኋላ ከፍተውታል።»

ቤቱ ቀሐ ወንዝ ዳር፣ ከጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ጀርባ የሚገኝ የኪራይ ቤት ነው። ጎረቤት «የኮምፒውተር ቤት» ይለዋል እንጂ ምን እንደሚሠራበት አያውቅም። አራት ወጣቶች እዚያው ይሠራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሲቀጥራቸው የዲግሪያቸውን ዋናውን ወረቀት ተቀብሎ በብረት ሣጥን ቆልፎበታል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ማንም እንዳይሄድበት። የሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው የክፍሉ አለቃ ዕንባቆም ነበር።

ለሳጅን በላቸው ነገሩ ገና ሲጀመር አልቋል። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ሰርካለም የምትባለው ሠራተኛ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣች፤ አድማሴ የሚባለው ደግሞ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ። ሁለቱም እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አልተመለሱም፤ ባሉበት ያዩአቸው ሰዎች አሉ። ዕንባቆም ግን ከስምንት ከሃምሳ እስከ ዘጠኝ ከሃምሳ ድረስ በስሙ አሥራ አራት ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ጽፏል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የቀረችው ጸሎት ብቻ ናት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ጮኻ ጎረቤት የጠራችውም እሷ ናት። ሐኪሙ ዕንባቆምን የገደለው ጭሱ መሆኑን አረጋግጦ፣ ክፍሉ በሞተሩ ግለት እጅግ ስለ ሞቀ ሰዓቱን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችል ገልጿል።

«ደግሞ ጠዋት ተጣልተዋል» አለ ሳጅኑ። «‹ሬሳህን ተራምጄም ቢሆን ከዚህ ቤት እወጣለሁ› ብላዋለች። ሁለቱም ሰምተዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዣት ልሂድ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትጠይቀኛለህ።»

ጸሎት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የአይከል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት። ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ጠዋት ከዕንባቆም ጋር እንደ ተጨቃጨቀች፣ ከዚያ ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋ እንደ ተኛች ተናገረች። ያለችውንም አልካደችም። አይከል የመምህርነት ቦታ አግኝታለች፤ ሰኞ ዋናውን ወረቀት ይዛ መቅረብ አለባት። ዛሬ ዓርብ ነው።

«ሲያንኳኳ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ። የነቃሁት ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ዝምታው ቀሰቀሰኝ።» ቀጥላም «ካልቀረብኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ዛሬ ካሰሩኝ ደግሞ ሰኞ የሚባል ቀን የለኝም» አለች።

ሸዋአየሁ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄዳ የብረት ሣጥኑን መረመረች። የቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ በሹል ነገር ተቧጥጧል፤ ጭረቱ ገና ያበራል። ሣጥኑ ግን አልተከፈተም። ቁልፉ ከሟቹ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል።

ሰርካለም ፊቷ ደረቅ፣ ምላሷ ስለታም ናት። ስታለቅስ ቆይታለች፤ ሲያዩዋት ግን አትወድም።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«ማመስገን» አለች።

ከዚያ አስረዳች። ድረ ገጽ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚጠያየቁበት ፎረም አለ። አንዱ ጥያቄ ሲያነሣ እነሱ ከሥሩ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብለው ያልፋሉ። ከመልሱ ግርጌ ፊርማ የሚሉት መስመር አለ፤ እዚያ ውስጥ የደንበኛው ድረ ገጽ ሊንክ ተሰክቷል። ደንበኛው የሚፈልገው ሊንኩ በየቦታው እንዲታይለት ነው። መልሱ ሰበብ ነው። እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ የሐሰት ስም አላቸው፤ በየጊዜውም ይቀያየራል።

«ጥያቄውን ሳታነቡ ነው የምትመልሱት?»

«እትዬ፣ አንዱ ድረ ገጼን ሰብረው ገቡ፣ የአምስት ዓመት ልፋቴ ጠፋ ብሎ ጽፎ፣ ‹ደስ የሚል መረጃ ነው፣ ቀጥልበት› ብየዋለሁ።»

ሳጅኑ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የእናንተን መልስስ ማን ያነባል?»

«ማንም። ቢነበብማ ያባርሩን ነበር።»

ከመባረር ያዳናቸው የዕንባቆም ሥርዓት መሆኑን ነገረቻት። ሁለት የቤቱ ሰዎች ከአንድ ጥያቄ ሥር ከጻፉ ያንኑ ሊንክ ይዘው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የፎረሙ ተቆጣጣሪዎችም ሁሉንም ስሞች በአንድ ቀን ይዘጋሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ከመጻፉ በፊት የጥያቄውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል። ዕንባቆም መዝገቡን ያይና «ነፃ» ወይም «ተይዟል» ይላል። ነፃ ከሆነ በሰውየው ስም ሥር መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል። የማን ቁጥር የት እንዳለ የሚያውቀው እሱና መዝገቡ ብቻ ናቸው።

«በሦስት ዓመት አንድም ጊዜ አልሳተም። በሕልሜ እንኳ ‹ተይዟል› ይለኛል» አለች።

የዕንባቆምን የይለፍ ቃል ግን ሦስቱም ያውቁታል፤ ሲታመም የሚተኩት እነሱ ናቸው። የዛሬውን ስትጠየቅ ስልኳ ተሰብሮባት ፒያሳ ጠጋኝ ጋ እንደ ነበረች፣ ስልኩም እስከ አሥር ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተፈታቶ እንደ ዋለ ተናገረች። ሳጅኑ ለጠጋኙ ደውሎ እውነት ሆኖ አገኘው።

አድማሴ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር። መናኸሪያ የሄደው ለእናቱ መድኃኒት ለመላክ ነበር። የሰሜኑ መንገድ ተዘግቶ መኪና ስላልወጣ እዚያው እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠ።

«ምነው፣ መንገዱ መዘጋቱን ካወቅህ አልተመለስክም?»

«መናኸሪያ ስቀመጥ የምሄድ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ሸጋ ሰው ነበር አለ። የእሱም ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ አመነ። ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ጸሎት ጠይቃ ምን አገኘች?» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሸዋአየሁ የዕንባቆም ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን አስከፈተች፤ መዝገቡንም ጭኗ ላይ ዘረጋች። መዝገቡ በጠባብ፣ በቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈት የተሞላ ነው፤ በየቀኑ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ሥር ቁጥሮች ተደርድረዋል።

«እንግሊዝኛው ይከብዳል እንጂ» አለ ሳጅኑ ስክሪኑን እያየ።

«እንግሊዝኛውን ተወው። ቁጥሩን ጥራልኝ።»

አሥራ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጠራላት። እሷም መዝገቡ ላይ በእርሳስ እየነካች ተከተለችው። ሲጨርሱ እንደገና አስጠራችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ሳጅኑም ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሦስቱን ወጣቶች ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እያንዳንዳቸው ሳያስቡት የለመዱት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳጅኑ ከጸሎት ጀርባ ቆመ።

«ዕንባቆም በመጨረሻው ሰዓት የጻፋቸውን አሥራ አራት መልሶች ተከታትያለሁ» አለች ሸዋአየሁ። «ማንም አያነባቸውም ስለተባለ፣ የጻፋቸውም ሰው እንደዚያው አስቧል።»

መጀመሪያ ስለ በሩ ነገረቻቸው፦ ሰውየው ተቆልፎበት ነበር። ቀጥላም ስለ ሣጥኑ። አንድ ሰው ሊከፍተው ታግሏል፤ ቁልፉ ግን ከሟቹ ኪስ አልወጣም። ጸሎት ለወረቀቷ ብላ ገድላው ቢሆን፣ ብቻዋን ቤት ውስጥ ሆና ቁልፉን ለመውሰድ የሚከለክላት አልነበረም።

«ፈርታ ይሆናል» አለ ሳጅኑ።

«ይሆናል። ስለዚህ ወደ መልሶቹ እንሂድ። ከአሥራ አራቱ አምስቱ ሰርካለም ጠዋት ከጻፈችባቸው ጥያቄዎች ሥር ናቸው። አራቱ ጸሎት ሌሊት ከጻፈችባቸው። አምስቱ ብቻ ነፃ ነበሩ። በሦስት ዓመት አንድም ጊዜ ያልሳተ ሰው፣ መዝገቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶለት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ይስታል?»

ሰርካለም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የጻፈው እሱ አይደለም። በዚያ ሰዓት ሞቷል። የጻፈውም ሰው መዝገቡ አጠገቡ አልነበረም፤ ስለዚህ ከቤት ውጭ ነበር። ጸሎት ግን እዚህ ነበረች። መዝገቡን ትታ ከትዝታዋ ብትጽፍ እንኳ ራሷ የያዘቻቸውን አራት አትደርብም።»

ሳጅኑ ከወንበሩ ጀርባ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ውጭ የነበሩት ሁለት ናቸው። የሰርካለም ስልክ ተፈታቶ ነበር፤ የራሷንም አምስት ጊዜ አትደርብም። አድማሴ፣ መዝገቡ ላይ የዛሬው ብዙ ቁጥር የአንተ ነው፤ አሥራ ሰባት። ከሁሉም የሚበልጥ ነው። በጭፍን የሚጽፍ ሰው አንዱ ላይ እንኳ መውደቁ አይቀርም ነበር። ከአሥራ አራቱ አንዱም የአንተን አልነካም።»

አድማሴ ቀና አላለም።

«በጭፍን አልጻፍክም። ሥራህን በደንብ ነው የሠራኸው። ‹ነፃ› የሚልህ ሰው ስላልነበረ የምታስታውሰውን ዘለልክ። የምታስታውሰው የራስህን ብቻ ነው። ሰርካለም ከወጣች በኋላ፣ አንተም ከመውጣትህ በፊት፣ እዚህ ነቅታችሁ የነበራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

አድማሴ መናገር ጀመረ፤ ከጀመረም በኋላ አላቋረጠም። ዕንባቆም ስምንት ሰዓት ላይ ነዳጅ ሊጨምር ገባ። ጃኬቱን ወንበር ላይ ትቶ ነበር፤ ቁልፉ ሁልጊዜ ጃኬቱ ውስጥ ይሆናል። አድማሴ ወረቀቱን እስኪያወጣ እንዳይመጣበት ብቻ መቀርቀሪያውን ገፋው። የቧንቧውን መውለቅ አያውቅም ነበር። ጃኬቱ ውስጥ ቁልፉ አልነበረም። ከሰውየው ጋር አብሮ ተቆልፎበታል። በጠመንጃ መፍቻ ታገለ።

«ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ» አለ። «በሆዴ ‹መጣሁ፣ መጣሁ› እለው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስል ማንኳኳቱ ቆመ። ስከፍተው ወደቀብኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። ኪሱን ለመፈተሽ ግን አልደፈርኩም።»

ከዚያ ወደ እናቱ ሊሄድ ወጣ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣና በሞተው ሰው ስም አሥራ አራት ሰዎችን አመሰገነ።

ጸሎት ዞር ብላ አየችው። «ምነው እኔ ብቻዬን ባለሁበት ሰዓት አደረግኸው፣ አድማሴ?»

«አንቺን ብዬ አልነበረም። እኔ ከወጣሁ በኋላ በሕይወት እንዳለ እንዲመስል ብቻ ነው ያሰብኩት። ተኝተሽ እንደ ነበር...» ቃሉን ማግኘት አቃተው። «ረሳሁሽ።»

«ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግን ተጠርጥራ ፊት ለፊትህ ተቀምጣ ነበር» አለች ሸዋአየሁ።

ሳጅን በላቸው ካቴናውን አውጥቶ ክፍሉን አቋረጠና ከእሱ ወንበር ጀርባ ቆመ። አድማሴ ሲነሣ ሣጥኑን አየው፤ ወረቀቱን ለመጠየቅ የፈለገ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተወው።

ሸዋአየሁ ሣጥኑ ነገ ጠዋት ቢሮዋ ምስክር ባለበት እንደሚከፈት፣ ጸሎትም ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ ወረቀቷን እንድትወስድ ነገረቻት። ከዚያ ለአይከል መኪና ትደርሳለች።

«አሁን ልሂድ?»

«ሂጂ።»

ሰርካለም ጸሎትን ብቻዋን እንዳትወጣ፣ አብረው እህቷ ቤት እንዲያድሩ ለመነቻትና ልብሷን ልትሰበስብ ገባች። ጸሎት አልጠበቀቻትም። ቦርሳዋን አንሥታ ግቢውን ተሻገረች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ እጇን ብረቱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ በር የሚወጣ ሰው ሁሉ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለዕንባቆም ይናገር ነበር። ዞር ብላ ቤቱን አየች። የምትነግረው ሰው የለም። በሩን ገፍታ ወጣች።