የዊሩት ያልተነካ እራት

ሬሳው በጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የረጅም ጉዞና የተራራ መንገድ የሚነዳው ትልቁ ሞተር ብስክሌት ከመቆሚያው ተንሸራቶ ወድቆበት፣ የእግር መርገጫው አንገቱ ላይ ተሰክቷል። ኢንስፔክተር ቡሳባ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ የሜንቶል ማሽተቻዋን ከኪሷ አወጣችና በሁለቱም አፍንጫዋ ማገችው። የተቃጠለ ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ የደረቀ ደም።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ሬሳ አይተው ዛሬም ይቀፍዎታል?» አለ ረዳቷ ሳጅን ናሮንግ ሳቁን እየዋጠ።

«መቀፈፉን የተወኝ ቀን ጡረታ እወጣለሁ። ማነው?»

«ዊሩት ይባላል፤ የሥዕል መምህር ነው። የራሱንም የጓደኞቹንም ሞተር እዚሁ ቤቱ የሚጠግነው እሱ ነበር። ዘይት ሲቀይር ወደቀበት ይላሉ። እህቱ ግን ሌላ ነገር ነው የምትለው።»

እህትየው ቡንማ ለማንም ተራ አልሰጠችም። «ገድላዋለች! ‹ይኼ ብረት ይጫንህ!› ብላ ስትረግመው ትናንት ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ይኸው ተጫነው! ከዚህ በላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

ሚስቲቱ ማሊዋን ማድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል። «ብያለሁ፤ አልክድም» አለች።

ወዲያው የቡሳባ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነበር፤ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ሚስቲቱን እስከ ማታ ይዛት እንድትመጣ አዘዛት። ቡሳባ አለቃዋንም ግልጽ የሚባል ነገርንም አትወድም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ቢባልም፣ በአንዲት የንዴት ቃል ሰው ወህኒ ሲወርድ ማየት ከሁሉ ይበልጥ ያስጠላታል። ማሊዋን አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«ለምን ረገምሽው እህቴ?»

«እራቱን ስላልበላ።»

«በዚህ ይረገማል እንዴ?»

«የተጋባንበት ቀን ነበር። ያንን የአሳማ ወጥ ከጠዋት ጀምሮ ስሠራ ዋልኩ። ከጋራዥ መጥቶ ተቀመጠ፣ አየው፣ አፉን ይዞ ሮጦ ወጣ! ‹ከእኔ ወጥ ዘይትህ ይሻልሃል? ይኼ ብረት ይጫንህ!› አልኩት። ምንም ሳይመልስ ጋራዡ ገባ። እኔም ተናድጄ ተኛሁ።»

«ድሮም የሚቀፍ ነገር ሲያይ እንዲህ ይሆን ነበር?»

ማሊዋን ፈገግ ልትል ቃጣት። «ዊሩት? እጁ በዘይት እንደጠቆረ ሩዙን የሚጠቀልል ሰው ነው። አንዴ የማን ሞተር እንደሆነ እንጃ፣ ከጭስ ማውጫው የሸተተ አይጥ አውጥቶ፣ ተመልሶ የጀመረውን ምሳ ጨረሰ። ከማዕድ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ቡሳባ ማሽተቻዋን አውጥታ ሳትጠቀምበት መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ጋራዡ ውስጥ ሬሳው ሲነሳ ከስሩ ወፍራም ስፖንጅ ተነጥፎ አገኘች። መፍቻዎቹ በሙሉ ግድግዳው ላይ በየቦታቸው ተሰቅለዋል፤ ተወልውለው ያበራሉ። ሞተሩን ናሮንግና ሌሎች ሁለት ፖሊሶች እየተራገሙ አቆሙት። ቡሳባ ወጣችበት። ቁመቷ ከሟቹ ጋር ይስተካከላል፤ እግሯ ግን መሬት አልነካም፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«እንዳይወድቁ!» ብሎ ጮኸ ከበር ድንክ ያለ ወፍራም ሰው። ከሟቹ ሁለት የጉዞ ጓደኞች አንዱ፣ የጥርስ ሐኪሙ ፕራሰርት ነው። «ያ ኮርቻ ቦታው ላይ አይደለም። ሁለት ከፍታ አለው። ፒ ዊሩት ሁልጊዜ ታችኛው ላይ ነው የሚያስገባው፤ እሱም እንደኔ አጭር ነዋ!» ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ ሰው ነበር «ፒ» ያለው።

«ሞተሩን ለሰው ያውሳል?»

«የእኛ ለጥገና ሲፈታ የራሱን ይሰጠናል። ባለፈው ሳምንት የእኔም የአኑቺትም ተፈትቶ ነበር። እኔ ግን አልወሰድኩም፤ በሰማዩ አምላክ፣ ዝናብ እፈራለሁ!»

ቡሳባ ጎንበስ ብላ ሞተሩን ከድንጋይ የሚከላከለውን የሆድ ብረት አየች። በየብሎኑ ራስ ላይ ነጭ የቀለም ሰረዝ አለ። «ይኼስ ምንድነው?»

«የሱ ልማድ ነው። ብሎን ካጠበቀ በኋላ ከብሎኑ እስከ ብረቱ አንድ መስመር ያሰምርበታል። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።»

መስመሮቹ ሁሉ ተሰባብረዋል። ቀለሙም ገና እርጥብ ሳለ ተነክቶ ተዝረክርኳል።

ይኼኔ ሁለተኛው ጓደኛ አኑቺት መጣ። ረጅም፣ አንገቱን በክታብ የሞላ የምግብ ቤት ባለቤት ነው። ከራሱ ሞተር ወርዶ ደረቱን እየደቃ «ወንድሜ! ወንድሜ!» አለ። ከሟቹ እህት የበለጠ ያለቀሰው እሱ ነው። ቡሳባ ልቅሶው እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቀችው።

«ይህን ሞተር ባለፈው ሳምንት ማን ነዳው?»

«እሱ ራሱ ነዋ! እሁድ ማሊዋን እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ብቻውን ተራራ ወጣ፤ ሲመለስ ልቡ ሌላ ሆኖ ነበር።»

«እርስዎስ? ጥገናውን ያግዙት ነበር?»

«እኔ?» ንጹሕ ጣቶቹን ዘረጋ። «ብሎን ከዳዶ አልለይም። እጄን ዘይት አስነክቼ አላውቅም።»

ቡሳባ ሁሉንም ከጋራዡ አስወጣችና የሆድ ብረቱን ራሷ ፈታች። ጥቂት ቆይታ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከሙዝ ተክሉ ስር ሄዳ አስመለሰች፣ አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያ ናሮንግን ጠርታ «የዚያን እሁድ የተራራ መንገድ አደጋ ሪፖርት አምጣልኝ» አለችው።

አመሻሹ ላይ አራቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቡንማ ማሊዋንን በጎሪጥ ታያለች።

«ይኼ አደጋ አይደለም» አለች ቡሳባ። «የዘይቱን መጠን በሚያሳየው መስታወት እዩ፤ ዘይቱ ማር መስሏል፤ አዲስ ነው። አሮጌው ጀሪካኑ ውስጥ ተከድኗል። የሆድ ብረቱም ታስሯል። ሥራውን የጨረሰ ሰው ከሞተር ስር ተኝቶ ምን ይሠራል? ደግሞ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። የተኛው ስፖንጅ ላይ ነው። ስፖንጅ ጭንቅላት አይሰነጥቅም። ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው ስሩ ያስተኙት፤ ከዚያ ሞተሩን ገፍተው ጣሉበት።»

«እሷ ናታ!» አለች ቡንማ።

«ቆይ እትዬ። ዊሩት ብሎኖቹን አጥብቆ ቀለም ቀብቶ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ሰው ፈታቸው፤ መልሶም አሰራቸው። ለምን? ብረቱን ሳወርደው ውስጡ ታጥቦ ያበራል። ሞተሩ ሆድ ላይ ያለው ጭቃ ግን እንዳለ ነው። ከብረቱ ጀርባ የነበረን ነገር ሊያጠፋ የፈለገ ሰው፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየት ረሳ።»

መሐረቧን ገለጠች። ጭቃ የያዘ ሽበት ፀጉር፣ ቀይ ክርና አንዲት ነጭ ጠንካራ የሣር ፍሬ ነበሩበት። ተራራው ላይ የሚኖሩት የካረን ጎሳ ሴቶች ልብሳቸው ላይ የሚሰፏት ፍሬ ናት። ፕራሰርት ፊቱን አዞረ።

«በዚያ እሁድ አንዲት የካረን አሮጊት ተራራው መንገድ ላይ ተገጭታ ቦይ ውስጥ ተጥላ ነበር። እስከ ማግስቱ ነፍሷ አልወጣም፤ ቦዩን ይዛ ስትድህ ነው ያደረችው። የገጫት ሰው ሞተሩን ከውጭ አጥቦ መለሰ። የሆድ ብረት ግን ከጀርባው ምን እንደሚሰበስብ የሚያውቀው ዘይት የሚቀይር ሰው ብቻ ነው። ዊሩት ትናንት ፈታው። ጣቱ ጭቃ መስሎት የነካው ነገር ጭቃ አልነበረም።»

ወደ ማሊዋን ዞረች። «ከሸተተ አይጥ ተመልሶ የሚበላ ሰው፣ ትናንት ሥጋውን አይቶ አፉን ይዞ ሮጠ። እኔ ሲቀፈኝ የምውል ሰው ነኝ፤ አውቀዋለሁ። የጠላው ወጥሽን አልነበረም እህቴ።»

ማሊዋን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ከዚያ ተመልሶ ማስረጃውን እንዳለ ዘጋበት፤ እንደ ማኅተም ቀለም አሰመረበት፤ ሞተሩን ያዋሰውንም ሰው ጠራ። ያ ሰው ረጅም ነው። ኮርቻውን ላይኛው ቦታ አስገብቶ፣ ሳያወርደው መልሶታል። በዚያ ኮርቻ ዊሩት ተራራ ሊወጣ ቀርቶ ከግቢው አይወጣም። አቶ አኑቺት፣ የዊሩት መፍቻዎች ንጹሕ ናቸው፤ አሻራዎን ፈርተው አልነኳቸውም። እስቲ ከሞተርዎ ኮርቻ ስር ያለውን የመፍቻ ቦርሳ እንየው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አኑቺት ወደ በሩ ተራመደ፤ ናሮንግ ግን ቀድሞት ቦርሳውን ይዞ ገባ። የአንዱ መፍቻ አፍ ነጭ ቀለም ጎርሷል።

«እጄን ዘይት አላስነካም ብለው ነበር» አለች ቡሳባ።

«አብረን እጅህን እንስጥ አለኝ!» ብሎ ጮኸ አኑቺት፤ እንባው በአንዴ ደርቆ። «ለአንዲት የተራራ አሮጊት! ምግብ ቤቴ ይዘጋ? ስሜ ይጥፋ? ደግሞ ዝም አላልኩም፤ ለነፍሷ መነኮሳት አብልቻለሁ!»

«በሕይወት እያለች ውኃ እንኳ አላጠጧትም» አለች ቡሳባ። እጇ እንደ ልማዷ ወደ ማሽተቻዋ ሄደና ተመለሰ፤ ይህን የሚሸፍን ሜንቶል አልተሠራም። «ውሰደው ናሮንግ። አጠገቤ አታቁመው።»

ቡንማ ማሊዋን እግር ስር ተደፋች። «ይቅር በይኝ እህቴ» አለች። ማሊዋን አነሳቻትና ወደ ማድ ቤት ገባች። ቡሳባ ተከተለቻት። የትናንቱ ወጥ እንደተከደነ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ አረፋ አውጥቶ ቤቱን በሽታው ሞላው።

«ከእኔ ፊቱን ያዞረ መስሎኝ» አለች ማሊዋን። «ወንድሜ የሚለው ሰው ነፍሰ ገዳይ መሆኑን አውቆ ነበር የመጣው። እኔ ደግሞ ረግሜው ተኛሁ። የመጨረሻ ቃሌ ያ ነው። እርስዎ ከእስር አዳኑኝ፤ ከዚህኛውስ ማን ያድነኛል?»

ቡሳባ እጅጌዋን ጠቀለለች፤ ማሽተቻዋን ሳታወጣ ድስቱን ከማሊዋን እጅ ተቀብላ የተበላሸውን ደፋች፤ ከዚያም በባዶ እጇ ማጠብ ጀመረች።