የቦይ መንገዱ አሥራ አንድ መብራቶች

ረቡዕ ጠዋት የመብራት ሠራተኛው በቦይ መንገዱ ላይ የቆሙትን አሥራ አንድ መብራቶች ሲፈትሽ ባትሪያቸው የለም።

ማታውን ሳይበሩ ነው ያደሩት። የባትሪ ሳጥኖቹ ያሉት ከላይ፣ ከፀሐይ ሰሌዳው ሥር ነው። ሌባው መሰላል አቁሞ ወጥቷል። ባትሪውን አውጥቷል። ከዚያ ክዳኑን መልሶ፣ ብሎኑን እንደነበረ አጥብቆ ወርዷል። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ እንዲሁ አድርጓል።

ኢንስፔክተር ኪየው መንገዱን ተመላለሰችበት። አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ዓርብ የክፍለ ሀገሩ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። መብራቶቹ የተተከሉት በፈንዱ ገንዘብ ነው። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚፈጁት አሮጌ የመስኖ ፓምፖች ይቀየራሉ፤ ያውም መብራቶቹ በርተው ከተገኙ ነው።

እሷን ግን እንቅልፍ የሚነሳት ሌላ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሟ ታክ ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰርቆ ታስሮ ነበር። ብሎን ፈትቶ የሚሰርቅ እጅ የማን እንደሆነ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ዳግመኛ ከተፈረደበት ቶሎ አይወጣም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ሳው ጥርጣሬያቸውን አልደበቁም። ገንዘቡን ለማስፈቀድ የክፍለ ሀገሩን ቢሮ ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው፤ ቀበሌው በሙሉ ያከብራቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ ደፍሮ የሚናገር ጠፍቶ ነው» አሏት። «የወንድምሽ የድራገን ፍሩት ቁልቋል ያለ ወቅቱ አብቧል። ሌሊት ሳይበራለት ያብባል? በምን አበራው?»

«ከቆጣሪው ነዋ።»

«እሱን አጣሪ። እህቱ ስለሆነች ሸፈነችው እንዳይሉሽ።»

የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት። እኩለ ቀን ሳይሆን ታክን ራሷ ይዛ ጣቢያው ውስጥ አስገባችው።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ተክሎቼ መሃል። አምፖል ስቀይር።»

«ማን አየህ?»

«ተክሎቼ አዩኝ፣ ኢንስፔክተር።»

ከልጅነቱ ጀምሮ «እታለም» እንጂ ሌላ ስም ሰጥቷት አያውቅም።

«ታክ፣ አትቀልድብኝ!»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? አንዴ ሰረቅኩ፣ ታሰርኩ፣ ጨረስኩ። አሁን ሚስቴ እርጉዝ ናት። እሷ ትሙት፣ ያንን ባትሪ በእጄ አልነካሁም።»

ኪየው በሩን ቆለፈችበት። አላመነችውም። አለማመኗም አሳፈራት።

በቀጥታ ወደ ማሳው ሄዳ ከአምፖሎቹ የሚወጣውን ሽቦ ተከተለች። ሽቦው የሚያልቀው ቆጣሪው ላይ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር የለም። ይህ ብቻውን ግን አያስፈታውም፤ ሸጧቸው ሊሆን ይችላል። ወደ ቁራሌዋ ወደ እትዬ ናም ግቢ ገሰገሰች።

«እትዬ፣ ባትሪ ያመጣልዎት ሰው አለ?»

«ምነው ባመጣልኝ!» እትዬ ናም የቆርቆሮ ክምሯን በእግሯ ገፋ አደረገች። «ደግሞ እኔን ልትይዢ ነው? ስሚ፣ የዚህ አገር ቁራሌ ሁሉ ይደዋወላል። ያን ያህል ባትሪ ቢሸጥ ወሬው ከባትሪው ቀድሞ ይደርሰኝ ነበር። ማንም አልሸጠም።»

«ደብቆት ይሆናላ።»

«ምን ሊሆነው? ባትሪ እኮ በማሰሮ የሚብላላ የዓሣ መረቅ አይደለም፣ ሲከርም አይጥምም!»

ኪየው ሳትስቅ ወጣች። ሰርቆ የማይሸጥ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ዝናብ እንዳይገባ ክዳኑን አጥብቆ የሚሄድስ? ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ሐሙስ ጠዋት መሰላል አስመጥታ ራሷ ምሰሶው ላይ ወጣች። ሳጥኑን አገላብጣ አየችው። የተረሳ ነገር፣ የተቧጨረ ነገር የለም። ተስፋ ቆርጣ ልትወርድ ስትል ወደ ታች ተመለከተች።

ከመንገዱ ጎን ያለው ሩዝ ሊታጨድ የደረሰ ነው። የደረሰው ግን ከመንገዱ የራቀው ጠርዝ ብቻ ነው። ከምሰሶው ሥር ያለው ክብ ሆኖ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል እንጂ አንድ ዘለላ የለውም። ወደሚቀጥለው ምሰሶ አየች። እዚያም ክብ አለ። ከዚያም ወዲያ እንደዚሁ። ክቦቹ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ጠባቡን ማሳ ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም።

ከመንገድ ለሚያየው ማሳው የለመለመ ይመስላል። ኪየው ግን የገበሬ ልጅ ናት። ድራገን ፍሩት ሌሊት ሲበራለት ያብባል፤ የድሮው ዘር ሩዝ ደግሞ ጨለማ ካላገኘ አያፈራም።

ሌባው የፈለገው ባትሪውን አልነበረም። የፈለገው ጨለማውን ነው።

የማን ማሳ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የድሮውን ዘር የሚዘራ አንድ ቤት ብቻ ነው የቀረው። የቤቱ ባለቤት በአባታቸው ሙት ዓመት በቤታቸው መሠዊያ ላይ የሚቀርበው ሩዝ አባትየው ካወረሱት ዘር ካልሆነ በቀር እሺ የማይሉ ሰው ናቸው።

ጋሽ ሳው በረንዳቸው ላይ ለገምጋሚዎቹ የሚለብሱትን ሸሚዝ ይተኩሱ ነበር።

«ጋሽ ሳው፣ የዘንድሮው የሙት ዓመት ሩዝ ደረሰ?»

ካውያው ቆመ። «ይደርሳል።»

«መብራቱ ሥር ያለውም?»

ሸሚዙን ገልብጠው የተኮሱትን ጎን እንደገና ይተኩሱ ጀመር።

«ባትሪዎቹን ቦይ ውስጥ ቢጥሏቸው ማንም አያገኛቸውም ነበር። ግን ‹ባትሪ ውሃ ውስጥ አይጣልም› የሚለውን ማስታወቂያ በየድልድዩ የለጠፉት እርስዎ ነዎት። መጣሉን አልቻሉበትም። ተሳሳትኩ?»

ሽማግሌው ካውያውን ነቅለው ተነሡና ጎተራውን ከፈቱላት። ባትሪዎቹ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልለው፣ እርጥበት እንዳይነካቸው ሳንቃ ላይ ተደርድረዋል።

«ጥቂት ሌሊት ጨለማ እንዲያገኝ ብዬ ነው፤ ለዓርብ መልሼ ልገጥማቸው ነበር» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ገምጋሚዎቹ ሲሄዱ ደግሞ እስኪያፈራ ላወጣቸው። የመብራት ሠራተኛው ቀድሞ ይፈትሻል ብዬ አላሰብኩም። ዘንድሮ ካላፈራ ለዘር እንኳ አይተርፈኝም፣ ኪየው። የአባቴ ዘር በእኔ እጅ ሊጠፋ ነው።»

«አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ መፍትሔ ይፈለግ ነበር!»

«ብርሃኑ ሰብል ይጎዳል፣ ምሰሶ ይነሳልን ያሉትን ገበሬዎች በስብሰባ ላይ ‹ኋላ ቀሮች› ብዬ ያሳቅኩባቸው እኔ ነኝ። በምን አፌ?»

«ወንድሜስ?»

ጋሽ ሳው ዓይናቸውን ሰበሩ። «እሱ እንኳ… የለመደው ነው ብዬ።»

ኪየው በንዴት ጦፈች። በዚያች ደቂቃ ዕድሜያቸውንም ሹመታቸውንም ረሳች።

«እስር ቤት ያልለመደ ልጅ ሊወለድለት ነው፣ ጋሽ ሳው! ይልበሱና ወደ ጣቢያ ይቅደሙ።»

ዓርብ ጠዋት ምክትል ሊቀመንበሩ ለገምጋሚዎቹ እውነቱን ሊነግራቸው ተዘጋጅቶ ነበር። ባትሪዎቹን መልሶ የሚገጥም ሰው ግን አልተገኘም፤ የመብራት ሠራተኛው ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ከጣቢያው የተለቀቀው ታክ ማንም ሳይጠይቀው መጣ። ከእትዬ ናም ግቢ ቆርቆሮ አምጥቶ፣ ብርሃኑ መንገዱ ላይ ብቻ እንዲወድቅና ወደ ሩዙ እንዳያልፍ ለእያንዳንዱ መብራት ከለላ ቆርጦለታል።

መሰላሉን የያዘችለት ኪየው ናት። ሰዎች ከቦዩ ማዶ ቆመው ያያሉ። «ሌባ» የሚል ድምፅ አልተሰማም።

የመጨረሻው ምሰሶ ላይ ሲደርስ ታክ እጁን ከሥራው ሳያነሳ ጠራት።

«ኢንስፔክተር።»

«አቤት።»

«ጠርጥረሽኝ ነበር?»

ሥራዬ ሆኖብኝ ነው ልትለው አሰበች። ሊቀመንበሩ ገፋፍተውኝ ነው ልትለውም አሰበች። ሁለቱም አፏ ውስጥ ቀሩ።

«አዎ» አለች። «ጠርጥሬህ ነበር።»

ታክ ላይ ሆኖ የከለላውን ብሎን በጣቱ አስገባ። እሷም መሰላሉን አጥብቃ እንደያዘች ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ታች እጁን ዘረጋ።

«መፍቻውን አቀብዪኝ፣ እታለም።»