ከፎቅ የተጣለው የእንቁላል ሳጥን

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝ አንድ የአህያ ጭነት የገብስ ገለባ ነው። ጂን አለ ሲሉኝ «ኪሎው ስንት ነው?» የምል ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከጢቾ እንቁላል እያመጣሁ አሰላ ስሸጥ ከመንገዱ ጉድጓድ በቀር ያስፈራኝ ነገር የለም።

ልጄ ሰናይት ምህንድስና ተምራ መጣችና፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ እንደ ክር እየደራረበ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ቤቴ አስገባች፣ በእሱም መሃሉ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ፣ እንደ ላባ የቀለለ የእንቁላል ሳጥን ሠራች። «ምቱን ሳጥኑ ተቀብሎ ይጨማደዳል፣ እንቁላሉ ይተርፋል» አለችኝ። ተወራረድን፦ ከፎቅ ተጥሎ እንቁላሉ ከተረፈ ጭነቴ ሁሉ በእሷ ሳጥን ሊሄድ፣ ካልተረፈ ማሽኑ ሊሸጥ።

እኔም አባት ነኝና አሳዝናኝ፣ በየቀዳዳው በድብቅ ገለባ ጠቀጠቅሁላት፣ ደረሰችብኝ።

«አባዬ! ሥራውን የሚሠራው እኮ ባዶው ነው!»

«ባዶ የሚሠራ ቢሆን ኪሴ የት ባደረሰኝ!»

እንቁላሌን የምደረድርበትን ገለባ የሚሸጥልኝ ጎረቤቴ ቱፋ ሳቀ። «ተዋት አቦ፣ ነገ እኔው ጋ ትመለሳለህ።»

ገለባውን አራግፋ ዳር ዳሩን አሥራ ሁለት እንቁላል ደረደረች፣ ቱፋ ራሱ ቆጠረ፣ ከዚያ ከሰፈራችን ካላለቀው ፎቅ ላይ ለቀቀችው። እመኑኝ፣ ጓ አላለም፣ እንደደከመው ሰው ተንፍሶ አረፈ። ሳጥኑ ከሥሩ ተጨማድዷል፣ እንቁላሉ አንድም አልተሰነጠቀም! ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ፣ የገለባ ገዢ ያጣው ቱፋ እንኳ ልጄን አቅፎ ይጨፍራል።

በጭፈራው መሃል ቀጭ... ቀጭ... የሚል ሰማሁ፣ ጫጩት ከቅርፊቷ ልትወጣ ስትል ዓይነት። ጎንበስ ብንል የተጨማደደው ፕላስቲክ ቀስ እያለ ይነሳል። ሰናይት ሳቋን አቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ አንዴ ከታጠፈ አይመለስም፣ እንደዚያ ነው የሠራሁት።»

እንቁላሎቹን አውጥተን ሳጥኑን ወደ ፀሐይ ያዝኩት፣ እንቁላል እንደምንፈትሸው። መሃል ላይ፣ ጣት በማያስገቡት ቀዳዳዎች ውስጥ፣ አንድ እንቁላል ተቀምጧል። ሳጥኑ እዚያ ጋ ይሞቃል።

«ያ ረቢ! እኔ አሥራ ሁለት ነው የቆጠርኩት» አለ ቱፋ።

«አንቺ ነሽ ውስጡ የሠራሽው?» አልኳት።

«ማሽኑ ከፕላስቲክ ሌላ ምን ያውቃል?»

ለማውጣት ሳጥኑን መስበር ያስፈልጋል፣ እስካሁን የደፈረ የለም። ጭነቴ በሰናይት ሳጥን ይሄዳል፣ ገለባው ጓሮ ሻግቷል፣ ቤታችን ሳቅ በሳቅ ነው፣ ብቻ ሳጥኑ ካለበት መደርደሪያ ቀጭ ሲል ሁላችንም ወደዚያ እንዞራለን።

ሂሳቡ ይኸው ነው፦ የገባ አሥራ ሁለት፣ የወጣ አሥራ ሁለት፣ ቀሪ አንድ።