ግሥ ወደ ኋላ

ሰርካለም ፍሬውን ያወቀችው ዘመሮ በምትባል ከተማ፣ ሁለቱም ኮምፒውተር በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው። ከአገሩ ከዓለም ከተማ ተመድቦ በመጣ በሳምንቱ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኗን አየ።

«ፈንክሽኑን ከኋላ አስቀመጥሽው እኮ።»

«እንደ አማርኛችን ነዋ። ‹ደምር ቁጥሮች› የሚል ሰው አለ? ‹ቁጥሮች ደምር› ነው የሚባለው።»

ስክሪኗ ላይ ያየው፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለሚያሳድጉት የፕሮግራም ቋንቋ ልታቀርበው ያሰበችው አዲስ የፈንክሽን፣ ማለትም የትእዛዝ ቃል፣ አጻጻፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከክፍል በኋላ እየተቀመጡ ይከራከሩ ጀመር። ክርክሩ ሲያልቅም ተነሥቶ የሚሄድ የለም።

ሐሳቧን በቋንቋው የመወያያ መድረክ ላይ ስታወጣ የመጀመሪያው ተቃውሞ የፍሬው ሆነ። «ፈንክሽኖች ሲደራረቡ የትኛው ቁጥር የየትኛው እንደሆነ አይለይም» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው ሐሳቧን ጣሉት።

«ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው።

«ነግሬሽ ነበር፤ አልሰማሽኝም። ስለምወድሽ ልዋሽልሽ?»

አኮረፈች። እሱ ግን ኩርፊያዋ እስኪበርድ አልጠበቀም፤ ሽማግሌ ላከ።

አባቷ አቶ ወልደ ጻድቅ ፍሬው የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም ልጃቸውን አስጠሩ።

«እኔ ደስ አይለኝም። አንቺ እወደዋለሁ ካልሽ ግን አልከለክልሽም። ምን ትያለሽ?»

ሰርካለም መሬት መሬቱን አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ጠበቁና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

በማግስቱ ፍሬው ሳይሰናበታት ወደ አገሩ ተሳፈረ። አውቶቡሱ የዠማን ወንዝ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን አልይዝ አለውና ገደል ገባ።

ሰርካለም ለቅሶ ስትደርስ እናቱ ወይዘሮ ጠጄ ቀና ብለው፣ «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«አብረን እናስተምር ነበር፣ እማማ።»



ክረምቱን ሙሉ ሐሳቡን እንደገና ስትሠራው ከረመች። የፍሬው ነቀፌታ ልክ ነበር። በአማርኛው ‹ቁጥሮችን› ላይ እንዳለችው ‹ን› ያለች ምልክት ጨመረችበትና እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱን ቁጥር ለየ። ስታቀርበው ከስሟ በፊት የሱን ስም አስቀደመች።

መድረኩ ያለ ተቃውሞ ተቀበለው። የምሥራቹን ከጻፉት አንዱ፣ «ያኔ የተቃወመው ፍሬው አሁን ምን ይላል?» ሲል ጠየቀ።

 ሰርካለም «ፍሬው አርፏል» ብላ ጻፈች።

ማንም ሳይጠይቃት ደግሞ ቀጠለች፦ «እወደው ነበር።»