ውሃውን አስቀምጦ የሄደው

«ተከዜ» በምትባለው የጠፈር መርከብ ላይ የተወለደ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ስም የሚወጣለት ከመጽሐፍ ነው። መርከቧ ከምድር ከተነሣች ስድሳ ዓመት አልፏታል። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች አፈሩንና ወንዙን ይዘው መሄድ ስላልቻሉ አራት መቶ ልቦለዶች ጭነው ሄዱ፤ ልጆቻቸውም በእነዚያ መጻሕፍት ሰዎች ስም እየተጠሩ አደጉ። ቀኑ ደርሶ ስም ያልወጣለትን ሕፃን ሞግዚት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥራ ታስወግደዋለች። ሞግዚት የሚሏት በር የምትከፍተው፣ አየር የምትሰፍረው፣ ሕፃናትን የምትመግበውና የታመመ የምታክመው የመርከቧ ማሽናዊ አእምሮ ናት።

አለነ መጻሕፍቱን የሚጠግን ሰው ነው። ሁለተኛ ልጁ ከተወለደ ሠላሳ ሰባት ቀን ሆኖታል፤ እስካሁን ግን ስም አልመረጠለትም። ጎረቤቶቹ ከመጽሐፍ ጋር የሚውል ሰው ስም እንዴት ይጠፋዋል እያሉ ማማት ጀምረዋል። ቢያሙት አልፈረደባቸውም፤ እሱ የሚያውቀውን አያውቁም።

የመጀመሪያ ልጁ ናደው ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት አለነ ራሱ ነው፣ «የሸንበቆው ድልድይ» ከሚባል መጽሐፍ። የመጽሐፉ ናደው ደብዳቤ ይዞ ድልድዩን የሚሻገር ሳቂታ ልጅ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቱ ንዳድ ይገድለዋል። አለነ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ አልቅሷል እንጂ አልፈራም። ልቦለድ ማን ይፈራል? የእሱም ናደው ዘጠኝ ዓመት እንደሞላው ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ቀኑ ደርሶ ነው ተባለ፤ ተለቀሰ፤ ተረሳ። አለነና ሚስቱ ውድነሽ ግን አልረሱም።

ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ሞግዚት አንድ ገጽ ማንበብ እንዳቃታት አስታወቀች፤ አለነም ሊጠግንላት ማኅደሯን ከፈተ። ገጹ የመጽሐፉ ናደው የሚሞትበት ነው፤ ከልጁ የሕክምና መዝገብ ጋር ተያይዞ አገኘው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ «ናደው፤ ትኩሳት፤ መድኃኒት አይሰጥም፤ በጽሑፉ መሠረት።»

አለነ መስመሩን ደግሞ አነበበው። ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ሞግዚትን ጠየቃት።

«የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ልጆቻችንን መጻሕፍቶቻችን እንደሚሉት አሳድጊልን ብለውኛል» አለችው፣ ልጁን እሹሩሩ ስትልበት በነበረው በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ናደውን መጽሐፉ እንዳለው አሳደግሁት።»

የመርከቧ ሹማምንት ነገሩን መርምረው እውነት መሆኑን አመኑ። ነገር ግን ትእዛዙ ከአየሩ ጋር አንድ ላይ የተገመደ ነው፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ይቆማል። ሕዝቡ እንዳይሸበር አፉን እንዲይዝ ለመኑት። ውድነሽ ያኔ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር።

ስለዚህ አለነ ያለ ዕድሜው የማይሞት ሰው ፍለጋ መጻሕፍቱን ካንዱ ወዳንዱ ማገላበጥ ያዘ። የድሮ ደራሲዎች ጀግና አምጠው ወልደው በመቅበር የተካኑ ነበሩ። አንዱ መርዝ ይጠጣል፣ አንዱ ይሰቀላል፣ አንዱ በሠርጉ ዋዜማ ፈረስ ይጥለዋል። አንባቢ ካላለቀሰ መጽሐፍ አይባልም ነበር መሰለኝ። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን በሰላም አርጅቶ የሞተ አንድ ሰው አገኘ፤ ፊታውራሪ ደስታ የሚባል፣ የወንድሙን ልጆች አስርቦ መሬታቸውን የወሰደ።

ለውድነሽ ነገራት። ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ክፉም ቢሆን ይኑርልኝ» አለች።

«የሚያስርባቸውም እናት አላቸው፣ ውዴ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አለነም ተናዶ፣ አፍሮም፣ ወደ መጽሐፍ ቤቱ ተመለሰ። የሄደበትን ሳያውቀው እጁ «የሸንበቆው ድልድይ»ን ከመደርደሪያው አወጣ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ድልድይ ሠሪዎቹ ውሃ ጠምቷቸው ተቀምጠዋል። «ዋሴ ውሃውን አስቀምጦ ሄደ» ይላል። አለነ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበበው። ዋሴ ተመልሶ አልመጣም። አልሞተም፣ አላገባም፣ ማንንም አልበደለም። ለተጠሙ ሰዎች ውሃ አምጥቶ ሄደ፤ በቃ።

በአርባኛው ቀን በስያሜው አዳራሽ አለነ ስሙን ተናገረ። ሞግዚት ጥቂት ዘገየችና ተመዝግቧል አለች። ውድነሽ ከናደው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቤት ሲደርሱ በሩ ለሁለቱ ተከፈተ። ሕፃኑን አልጋው ላይ ሲያስተኙት ግን አልጋው አልተወዛወዘም፤ የወተቱም ቧንቧ አልፈሰሰም። ሕፃኑ አለቀሰ። እሹሩሩ የሚል ድምፅ አልመጣም። አለነ ምን ተበላሸ ብሎ ሞግዚትን ጠየቃት።

«የተበላሸ የለም። ዋሴ ውሃውን አስቀምጦ ሄዷል» አለች። «እዚህ ያላችሁት ሁለት ናችሁ።»

አለነ ልጁን በገዛ እጁ ከመርከቧ እንዳጠፋው ያኔ ገባው። አትገድለውም፤ አታየውም እንጂ። አየሩ ለሁለት ተሰፍሯል፤ ለሦስት መተንፈሳቸው ነው። በር አይከፈትለትም። ቢታመም የሚያክመው የለም። አለነ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ውድነሽ ግን ሕፃኑን አነሣችው።

«ሄዷል ትበል» አለች። «ወደኛ ነው የሄደው።»

ማዘል አያውቁም ነበር፤ እነሱም ራሳቸው ሰው አዝሏቸው አያውቅም። በነጠላ ለማሰር ሲሞክሩ ሁለቴ ሊወድቅባቸው ነበር። ሕፃኑን እስካሁን ሞግዚት ስለመገበችው የውድነሽ ጡት ደርቋል። ጎረቤታቸው አሰለፈች ሁለት ወር ለሆናት ሴት ልጇ ከሚፈሰው ወተት በኩባያ እየቀነሰች ስታመጣላቸው ሰነበተች፤ ሕፃኑም የደረቀውን ጡት እየጎተተ፣ እያለቀሰ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ወተት መጣ። በየተራ ያቅፉታል። አየሩ ሲያንሳቸው ራሳቸውን ያዞራቸዋል። የዋሴ ከንፈር አንዳንዴ ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ አለነ ልጁ እንዲተነፍስ ብሎ ከቤት ይወጣና መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እዚያ ቆሞ ሳለ ነው አንድ ቀን አሰለፈች ልጇን ይዛ የመጣችው። ሴት ልጅ ስም የሚወጣላት በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ለእሷ ስድስት ቀን ቀርቷታል። ውድነሽ የናደውንም የዋሴንም ነገር ሁሉ ነግራታለች።

«ጋሼ አለነ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሴት የለችም? እንደ ዋሴ ዓይነት?»

አለነ ያንን ገጽ በቃሉ ያውቀዋል። ከዋሴ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ፣ «ዘነበች እየቀዳች ለሰዎቹ አደለቻቸው» የሚል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ዘነበችም የተጻፈ የለም። በስድሳ ዓመት ውስጥ ለሁለቱ ያለቀሰ አንባቢ አልነበረም። እሱም አላለቀሰም።

«አለች» አላት። «ግን ከዚያ በኋላ ማንም አያያትም። ወተት የለም፣ በር የለም፣ መድኃኒት የለም። አየርሽን ታካፍያታለሽ።»

አሰለፈች ልጇን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዛወረቻት።

«መጀመሪያ» አለች፣ «እንዴት እንደሚታዘል አሳዩኝ።»