ጠረን የሌላት ከረሜላ

ሶልቬይ የአባቷን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ በር ስትከፍት አጎቷ አርቪድ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። የከረሜላዋ ቆርቆሮ ጉልበቱ ላይ ናት። ክዳኗ ተከፍቷል፤ ውስጧ ባዶ ነው።

«መደርደሪያው ላይ ያለችው ቆርቆሮ ውስጥ ተዋት» ብላ ለኪኒን ሻጩ በስልክ የጻፈችው ጠዋት ነበር። ነገ የበረዶ ሆኪ ፍጻሜ አለ፣ በረኛዋ እሷ ናት፣ ትከሻዋ ደግሞ እንደ እሳት ይለበልባታል። ሐኪሙ «እረፊ» ብሏታል። የሚስቅ ድብ ምስል የለጠፈው አካውንት ግን «አንዲት ኪኒን ትበቃሻለች» አላት። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ከሚኒሶታ እስከ ሰሜን ዋልታ የሚቆለፍ ጎጆ የለም፤ የበረደው ሁሉ ገብቶ ይሞቃል፣ ያገኘውንም ይቀምሳል። ሶልቬይ አለመቆለፉን አስባ መቀመሱን ረሳችው።

«አጎቴ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውን በላኸው?»

«ሰላምታ የለም እንዴ?»

«በላኸው ወይ?»

ባለፈው ወር አንዲት ፖሊስ ትምህርት ቤት መጥታ «በስልክ የሚሸጥ ኪኒን ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፤ አንዷ ትገድላለች» ስትል ሶልቬይ ከኋላ ትስቅ ነበር። አሁን ዓይኗ ከአጎቷ ከንፈር አልነቀል አለ።

«አፌ ልከታት ስል ጠረን የላትም» አለ አርቪድ። «ሚንት ከረሜላ ሳልልስ ውዬ አላውቅም እኮ። ይህን አፍንጫ የሚሸውድ ገና አልተወለደም።» ጓንቱን አወለቀ። ሰማያዊዋ ኪኒን መዳፉ ላይ ነበረች።

ሶልቬይ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ዝርፍጥ አለች። የለቀቀችው ትንፋሽ ምድጃውን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው።

«የማን ናት?»

«የጓደኛዬ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስልኳ ነዘረ። ድቡ ነው፦ «ደረሰሽ? ለቡድን ጓደኞችሽም አለኝ።»

ተጠባባቂ በረኛዋ ሊቭ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምን ቢሏት እሺ ባይ ናት። መልእክቱ ደግሞ ከተነበበ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ሶልቬይ ቶሎ ብላ ስክሪንሹት አነሳችና ስልኩን ለአጎቷ ሰጠችው።

«የእኔ ናት» አለች።

አርቪድ አነበበ። ሲስቅ የሐይቁን በረዶ እስከ ካናዳ የሚሰነጥቀው ሰው አሁን ቀስ ብሎ ደግሞ አነበበ።

«የነገው ጨዋታስ?» አለ።

«ጎሉ ላይ ሊቭ ትቁም።»

«ሊቭ? የሆኪው ዲስክ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍነዋ?»

«አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኜ ‹ዓይንሽን ክፈቺ› እላታለሁ።»

ኪኒኗን ቆርቆሮዋ ውስጥ መልሶ ክዳኗን ገጠመና ኪሱ ከተታት። «ለፖሊሷ እሰጣታለሁ። ለእናትሽስ ማን ይደውል፣ እኔ ወይስ አንቺ?»

ሶልቬይ ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ለስልኩ እጇን ዘረጋች።